ለብዙ ቀናት በሚዘልቅ የበጎ አድራጎት የእግር ጉዞ ለመሳተፍ፦ ከምዝገባ እስከ ማገገሚያ

የበጎ አድራጎት የእግር ጉዞ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጠዋት ተጀምሮ ከምሳ በፊት የሚያልቅ የ5 ወይም የ10 ኪሎ ሜትር ጉዞን ነው። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ሌላውን ዓይነት፣ ማለትም ለሁለት፣ ለሦስት ወይም ለአራት ተከታታይ ቀናት በየዕለቱ 30 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚኬድበትን ጉዞ ነው። 30 ኪሎ ሜትር አንድ ቀን መሄድ መጠነኛ ልምምድ ያደረገ ጤነኛ ሰው የሚወጣው ነገር ነው። ፈተናው በማግሥቱ ማለዳ ያበጠ እግርን መልሶ ጫማ ውስጥ ከትቶ ያንኑ ርቀት መድገም ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር፣ ስለ ልምምድም ሆነ ስለ ካልሲ፣ ስለ ምግብም ሆነ ስለ እንቅልፍ፣ ተጓዡ በሁለተኛው ቀን ጠዋት እንዴት ሆኖ እንደሚነሣ ታስቦ የተጻፈ ነው።

አንደኛ፦ ጉዞውን መምረጥና የምዝገባውን ውል ማንበብ

እነዚህ ጉዞዎች በአሠራራቸው በእጅጉ ይለያያሉ። በአሜሪካ ከጡት ካንሰር ጋር ለሚደረገው ትግል ገንዘብ የሚሰበሰብበት የሱዛን ጂ. ኮመን የሦስት ቀን ጉዞ 60 ማይል፣ ማለትም 96 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ሲሆን፣ ተጓዦች በተለምዶ ሌሊቱን በድንኳን ሲያድሩ ሻንጣቸውን አዘጋጆቹ በመኪና ያጓጉዙላቸዋል። ኦክስፋም ትሬይልዎከር ደግሞ የተለመደው ቅርጹ አራት አባላት ያሉት ቡድን 100 ኪሎ ሜትር በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲጨርስ የሚጠይቅ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ የሚኬድበት ጉዞ ነው፤ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 በሆንግ ኮንግ የጉርካ ወታደሮች (በብሪታንያ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ ኔፓላውያን) ልምምድ ሆኖ ሲሆን፣ በ1986 ለሕዝብ ተከፍቷል። መነሻው እ.ኤ.አ. 1909 የሆነውና በኔዘርላንድስ ናይሜኸን ከተማ የሚካሄደው የአራት ቀን ጉዞ እንደ ዕድሜና ፆታ በቀን 30፣ 40 ወይም 50 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል፤ ዋና ዓላማው ገንዘብ ማሰባሰብ ባይሆንም ብዙ ተጓዦች ለመረጡት ድርጅት ገንዘብ ይሰበስቡበታል። ሌሊት መጓዝ፣ በድንኳን ማደርና ማደሪያን በራስ መፈለግ ሦስት የተለያዩ ዝግጅቶችን ስለሚጠይቁ፣ ከርቀቱ በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው።

ከመመዝገብዎ በፊት ደንቡን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። የምዝገባ ክፍያውና ከለጋሾች መሰብሰብ ያለበት ዝቅተኛ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው የሚከፈለው ከራስዎ ኪስ ሲሆን እንደማይመለስ በግልጽ የሚጻፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ዝቅተኛው መጠን ካልሞላ ምን እንደሚሆን ይመልከቱ፦ አንዳንድ አዘጋጆች ጉድለቱን ተጓዡ ራሱ እንዲሞላ ይጠይቃሉ፣ አንዳንዶቹ ቀነ ገደቡን ያራዝማሉ፣ ሌሎች ደግሞ ከጉዞው ያግዳሉ። ቢታመሙና ባይሄዱ ለጋሾች የሰጡት ገንዘብ ለዓላማው እንደሚውል፣ ወደ ለጋሹም እንደማይመለስ አስቀድሞ ማወቅ ኋላ ከሚመጣ አለመግባባት ያድናል። ከተሰበሰበው ገንዘብ ለዝግጅቱ ወጪ የሚሄደው ስንት እንደሆነ መጠየቅም ነውር የለበትም። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው መመገብ፣ ማሳደርና ማከም ወጪ እንዳለው ማንም ይረዳል፤ ጥያቄውን የሚሸሽ አዘጋጅ ካጋጠመ ግን ሌላ ጉዞ መፈለጉ ይመረጣል።

ሁለተኛ፦ ገንዘብ ማሰባሰቡን ከልምምዱ እኩል መጀመር

ብዙ ተሳታፊዎች ለእግራቸው ሲጨነቁ ይቆዩና በመጨረሻው ወር ስለ ገንዘቡ መጨነቅ ይጀምራሉ፤ ያኔ ደግሞ የልምምዱ ርቀት ከፍ የሚልበት፣ ጊዜም ጉልበትም የሚያጥርበት ወቅት ነው። በተመዘገቡበት ሳምንት ለጋሾች በኢንተርኔት የሚሰጡበትን የመዋጮ ገጽዎን ከፍተው የመጀመሪያውን መዋጮ ራስዎ ያስገቡ፤ ባዶ ገጽ ላይ ቀድሞ መስጠት ለማንም ይከብዳልና። ቀጥሎ ያለ ብዙ ልመና ይሰጣሉ ብለው የሚገምቷቸውን አምስት ወይም ስድስት ሰዎች በግል ይጠይቁ። የመጀመሪያዎቹ ሰጪዎች ያስገቡት መጠን ለሚከተሉት እንደ መለኪያ ሆኖ ስለሚታይ፣ ቀዳሚዎቹን በጥንቃቄ መምረጥ ተገቢ ነው።

ለሁሉም በአንድ ጊዜ የተላከ መልእክት ማንንም በተለይ ስለማይጠይቅ መልስ አያገኝም። የተጠየቀው ሰው ማን እንደሚሄድ፣ ለምን እንደሚሄድ፣ ስንት እንደተጠየቀና እስከ መቼ እንደሆነ በአምስት መስመር ሊረዳ ይገባል። ለምሳሌ ለአንድ የሥራ ባልደረባ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ጤና ይስጥልኝ። ከአምስት ወር በኋላ በሦስት ቀን 96 ኪሎ ሜትር በእግሬ እሄዳለሁ። የምሄደው የካንሰር ሕሙማንን ለሚረዳ ድርጅት ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ኪሎ ሜትሮች እርስዎ ቢሸፍኑልኝ፣ መጠኑን ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ፣ ትልቅ እገዛ ያደርጉልኛል። ባይመችዎ ግን ቅር አልሰኝም። እስከ ወሩ መጨረሻ በገጹ ላይ ቢያስገቡልኝ ደስ ይለኛል።» ርቀቱን በኪሎ ሜትር ከፋፍሎ መጠየቅ ለሰጪው የሚጨበጥ ነገር ይሰጠዋል፤ «የቻሉትን ያህል» የሚለው አነጋገር ግን ትሕትና ቢኖረውም ሰውን ስንት ልስጥ በሚል ሐሳብ ያስቸግራል።

መልስ ያልሰጠ ሰው እንቢ አለ ማለት ስላልሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ማስታወስ ይቻላል። ማስታወሻው አዲስ ወሬ ቢይዝ፣ ለምሳሌ ለመጀመሪያ ጊዜ 20 ኪሎ ሜትር መሄድዎን ቢናገር፣ ንዝነዛ አይመስልም። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛው ያሰባሰበውን ያህል ከራሳቸው ስለሚጨምሩ የሰው ኃይል ክፍልን መጠየቅ አይርሱ። በእጅ የተሰጠ ጥሬ ገንዘብ ካለ የሰጪውን ስም፣ መጠኑንና ቀኑን ወዲያው መዝግበው በዚያው ሳምንት ያስገቡ፤ ከግል ገንዘብ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ማሳደር ለማንም አይበጅም።

ሦስተኛ፦ ሁለት ተከታታይ ቀናትን የሚለማመድ ፕሮግራም

በቂ የመዘጋጃ ጊዜ ከ16 እስከ 24 ሳምንት ነው። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ ወይም የቆየ የመገጣጠሚያ ጉዳት ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ማማከር አለበት፤ በተለይ የስኳር ሕመምተኞች በእግራቸው ላይ ያለው ስሜት ሊቀንስ ስለሚችል ቁስሉን ሳያውቁት ሊሄዱበት ይችላሉ።

የሳምንቱ አደረጃጀት ቀላል ነው። በሥራ ቀናት ሦስት ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይሂዱ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ ሁለት ረዘም ያሉ ጉዞዎችን በተከታታይ ቀናት ያድርጉ፤ የቀሩት ሁለት ቀናት ዕረፍት ናቸው። አጠቃላይ ርቀቱን በየሳምንቱ በአንድ አሥረኛ ገደማ ያሳድጉ፣ በየአራተኛው ሳምንትም ቀነስ ያድርጉት። በመጀመሪያው ወር ቅዳሜ 10፣ እሑድ 8 ኪሎ ሜትር የነበረው ጉዞ ከዋናው ጉዞ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ሲቀረው ቅዳሜ 28፣ እሑድ 24 ኪሎ ሜትር ገደማ መድረስ አለበት። ሁለቱን ቀናት በአንድ ረጅም ጉዞ ለመተካት የሚፈተኑ አሉ። ይህ ለአንድ ቀን ውድድር ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ ግን ሰውነት መማር ያለበት በደከመ እግር መነሣትን ስለሆነ፣ እሑድ ከቅዳሜው ቢያጥርም መቅረት የለበትም። ጊዜ ያጠረው ሰው መሰረዝ ካለበት ከሥራ ቀናቱ አጭር ጉዞዎች አንዱን ይሰርዝ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት የዕረፍት ናቸው፤ በነዚያ ቀናት የሚጨመር ርቀት ድካም እንጂ ብቃት አይጨምርም። ልምምዱን ዋናው ጉዞ በሚሄድበት ዓይነት መንገድ ላይ ማድረግ ይገባል። አስፋልት የለመደ እግር በጠጠር መንገድ ላይ ይደናገጣል፣ ቁልቁለት ያልለመደ ጭንም ከአቀበቱ ይልቅ በቁልቁለቱ ይታመማል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው 32 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ያስፈልገዋል፤ ዕረፍትና የምሳ ሰዓት ሲታከሉበት ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ልምምድ ላይ ፍጥነት ከማሳደድ ይልቅ ለረጅም ሰዓት በእግር ላይ መቆየትን መልመድ ይሻላል።

አራተኛ፦ እግርን መጠበቅ

ከእነዚህ ጉዞዎች ሰውን የሚያስወጣው አብዛኛውን ጊዜ የሳንባ ወይም የጡንቻ ድክመት ሳይሆን ውሃ የቋጠረ እግር ነው። ስለዚህ በዚህ ላይ ረዘም ብሎ መቆየት ይገባል።

ጫማ ሲገዙ እግር በቀኑ ውሎ ካበጠ በኋላ፣ ማለትም ወደ ማምሻው፣ ሊሄዱበት ያሰቡትን ካልሲ አድርገው ይለኩ። ቆመው ሳሉ ከረጅሙ ጣት ጫፍ እስከ ጫማው ጫፍ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ሊተርፍ ይገባል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን እግር ስለሚያብጥ ይህ ትርፍ ቦታ ያስፈልጋል። ተረከዝ ግን ሲራመዱ ከፍ ዝቅ ማለት የለበትም። መንገዱ አስፋልት ወይም የተደለደለ ከሆነ የመሮጫ ጫማ ከከባድ ቦት ይመረጣል፤ ቀለል ይላል፣ ቢረጥብም ቶሎ ይደርቃል። የሚቻል ከሆነ ሁለት ጥንድ ጫማ ያለማምዱና በየቀኑ ይቀያይሩ፤ የሁለቱ ጫማዎች መነካኪያ ቦታ ስለሚለያይ ትናንት የተላጠው ቆዳ ዛሬ ያርፋል። አዲስ ጫማ ለጉዞው ቀን ማስቀመጥ ግን ፈጽሞ አይመከርም።

ከጥጥ የተሠራ ካልሲ ላብ ይዞ ስለሚቆይ ይቅርብዎት፤ ከሱፍ ወይም ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ይምረጡ። ውሃ መቋጠር የሚመጣው ቆዳ ላይ ላዩን በመፋተጉ ብቻ ይመስለናል። እውነታው ግን ቆዳው ከካልሲው ጋር ተጣብቆ ሳለ ከሥሩ ያለው አጥንት በየእርምጃው ወደፊትና ወደኋላ ስለሚንቀሳቀስ፣ በመካከል ያለው የቆዳ ንብርብር ተጎትቶ ይቀደዳል፣ ክፍተቱም በፈሳሽ ይሞላል። እርጥበት መጣበቁን ስለሚያብሰው ካልሲን እኩለ ቀን ላይ መቀየር ከብዙ ቅባት ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ለቁስል መሸፈኛ የሚውለው ስስ የወረቀት ፕላስተር አስቀድሞ ሲለጠፍ በረጅም ርቀት ሯጮች እግር ላይ ውሃ መቋጠርን በ40 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ዋጋው ትንሽ ስለሆነ በልምምድ ወቅት መሞከሩ ጉዳት የለውም።

አለጣጠፉ እንዲህ ነው። እግርዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ ቅባት በነካው ቆዳ ላይ ፕላስተር አይይዝም። ሲሄዱ የሚሞቅዎትን ቦታ ብቻ፣ ብዙውን ጊዜ የተረከዝ ጀርባ፣ የአውራ ጣት ጎንና ከጣቶች ሥር ያለው መርገጫ ላይ፣ ሳይለጥጡና ሳይጨማደድ ያሳርፉት፤ ማዕዘኖቹን በመቀስ ክብ ያድርጓቸው፣ ሹል ጫፍ ካልሲ ሲጎትተው ይላጣልና። ካልሲውንም ጠቅልለው ከጣት ጀምረው ወደ ላይ ይፍቱት እንጂ በፕላስተሩ ላይ አይጎትቱት። የእግር ጥፍር ከጉዞው አንድ ሳምንት ገደማ በፊት ቀጥ ተደርጎ መቆረጥ አለበት፤ በዋዜማው የተቆረጠ ጥፍር ጎረቤቱን ጣት ይቧጥጣል።

በጉዞ ላይ አንድ ቦታ መሞቅ ወይም መቆጥቆጥ ሲጀምር «ቀጣዩ ማረፊያ ላይ አየዋለሁ» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። ያኔውኑ ከመንገድ ወጥተው ቁጭ ይበሉ፣ ጫማውን ያውልቁ፣ አሸዋ ካለ ያራግፉ፣ ያድርቁት፣ ይለጥፉበት። አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ውሃ ከቋጠረ በኋላ ትንሽና የማያም ከሆነ አይንኩት፣ ሸፍነው ይቀጥሉ። ትልቅና እርምጃን የሚያስቀይር ከሆነ ግን በሕክምና ጣቢያ ቢታይ ጥሩ ነው፤ ራስዎ የሚያደርጉት ከሆነ እጅዎንና ቦታውን ታጥበው፣ ከጀርም በጸዳ መርፌ ጠርዙ ላይ ይብሱና ፈሳሹን ያፍስሱ፣ የላይኛውን ቆዳ ግን አይላጡት፤ ከሥሩ ላለው ጥሬ ሥጋ ከእሱ የተሻለ ሽፋን የለም። የስኳር ሕመምተኛ ይህን በራሱ ማድረግ የለበትም።

አምስተኛ፦ የሚያዘው ዕቃ

ሻንጣው በመኪና የሚጓጓዝ ከሆነ በጀርባ የሚያዘው ትንሽ ነው፦ ውሃ፣ ትርፍ ካልሲ፣ ፕላስተርና መቀስ፣ ቫዝሊን፣ የዝናብ ልብስ፣ ኮፍያ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ ስልክና መታወቂያ። በሻንጣው ውስጥ የየቀኑን ልብስ በተለያየ ፌስታል አስረው ቢያስቀምጡ በደከመ ሰዓት መፈለግ ይቀራል፤ ዝናብ ቢመጣም አይረጥብም። የጆሮ መድፈኛ አይርሱ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ድንኳኖች በተደረደሩበት ሜዳ ላይ የሚያንኮራፋ ጎረቤት መኖሩ የማይቀር ነው።

ስድስተኛ፦ የጉዞው ቀናት

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሙዚቃው፣ ጭብጨባውና የሰዉ ብዛት ሁሉንም ያስቸኩላል። ከልምምድዎ ፍጥነት በላይ አይሂዱ፤ የመጀመሪያውን ሰዓት ሆን ብለው ቀስ ይበሉ።

ረሃብ እስኪሰማዎት አይጠብቁ። በየሰዓቱ ወይም በየአርባ አምስት ደቂቃው ትንሽ ትንሽ፣ ሙዝ፣ ዳቦ፣ ለውዝ፣ ጨው ያለው ነገር፣ ይብሉ፤ በልምምድ ያልሞከሩትን ምግብ ግን በዚያ ቀን አይጀምሩ። ውሃ ሲጠማዎት ይጠጡ። «ሳይጠማችሁ ጠጡ» የሚለው የቆየ ምክር አደጋ አለው፦ ለብዙ ሰዓት ከላብ በላይ ውሃ የሚጠጣ ሰው በደሙ ያለው ሶዲየም ይቀጥንና ሃይፖናትሬሚያ የሚባለው ሕመም ሊይዘው ይችላል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጣት ማበጥና ግራ መጋባት ነው፤ ከሰውነት ድርቀት ጋር ስለሚመሳሰል ደግሞ ሰዎች ተጨማሪ ውሃ ሊያጠጡት ይችላሉ። ሽንት ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ በቂ ጠጥተዋል፤ እንደ ውሃ ከነጣ በዝቷል።

ሙቀትን በቀላሉ የሚያዩት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2006 የናይሜኸኑ ጉዞ በመጀመሪያው ቀን በከባድ ሙቀት ሁለት ተጓዦች ሞተው የቀሩት ቀናት መሰረዛቸውን ሊያውቁ ይገባል። ያ ጉዞ ለረጅም ዘመን ልምድ ባላቸው አዘጋጆች የሚመራ ነበር። በሙቀት ቀን ፍጥነት ይቀንሱ፣ ኮፍያዎን ያርጥቡ፣ በጥላ ይረፉ። መርበትበት፣ መንተባተብ ወይም አእምሮን መሳት የታየበት ሰው ወዲያው ወደ ጥላ ተወስዶ ውሃ እየተደረገበት መቀዝቀዝ፣ ሐኪምም መጠራት አለበት። ሕመም ለማስታገሥ አይቡፕሮፌንን እየደጋገሙ መውሰድ ብዙ ሰው የሚያዘወትረው ነገር ነው፤ ነገር ግን ሰውነት ውሃ ባጣበት ሰዓት ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ሐኪም ምክር ባይደረግ ይመረጣል።

የምሽቱ ሥርዓት የሁለተኛውን ቀን ይወስናል። እንደደረሱ ለወሬ ከመቀመጥዎ በፊት ጫማ አውልቀው እግርዎን ይታጠቡ፣ ያድርቁ፣ ጣት በጣት ይመርምሩ፤ በሕክምና ድንኳን ወረፋው ሳይረዝም ይሂዱ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ይብሉ፣ እግርዎን ከፍ አድርገው ለአሥራ አምስት ደቂቃ ይተኙ፣ ለነገ የሚለበሰውን አዘጋጅተው በጊዜ ይረፉ።

በማግሥቱ ጠዋት የሚሰማው ግትርነት ያስደነግጣል። ከድንኳን እስከ መጸዳጃ መድረስ የሚከብደው ሰው ዛሬ አልችልም ብሎ ይደመድማል። ውሳኔውን ለግማሽ ሰዓት ያቆዩት፤ የጡንቻ ግትርነት ሰውነት ሲሞቅ ይለቃል። እየሄዱ የሚብስ፣ በአንድ ጣት የሚጠቆም ቦታ ላይ አጥንትን የሚወጋ ወይም የሚያስነክስ ሕመም ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል በዚያ ላይ መሄድ ወራት ሊያስከፍል ይችላል። ወደኋላ የቀሩትን የሚሰበስበው መኪና ለዚህ የተዘጋጀ ስለሆነ መሳፈር ሐፍረት የለውም። ለጋሾች የሰጡት ለዓላማው ነው፤ ቁርጭምጭሚት ሰብሮ መጨረስን ማንም አልጠየቀም። በቡድን ከሆኑ የቡድኑ ፍጥነት የደካማው አባል ፍጥነት መሆኑን ከመነሻው ይስማሙ፤ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ጠብ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ሰባተኛ፦ ከጉዞው በኋላ

እንደጨረሱ ወዲያው ረጅም መንገድ መኪና መንዳት አይገባም፤ ድካሙ እንቅልፍ ያመጣል፣ የደነዘዘ እግርም ፍሬን ላይ ይዘገያል። ለአንድ ሳምንት አጫጭርና ቀስ ያለ ጉዞ ብቻ ያድርጉ። የጠቆረ ጥፍር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ወድቆ ይተካል፤ መቅላት፣ መግል ወይም ትኩሳት ያለው ቁስል ግን ሐኪም ይየው። የአንድ እግር ባት ለብቻው አብጦ ከቀላና ካመመ፣ በተለይም ረጅም መንገድ ተቀምጠው ከተመለሱ፣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ።

ለለጋሾች በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጻፉ። በጅምላ ከማመስገን ይልቅ ለእያንዳንዱ ስንት እንደተሰበሰበ፣ ምን ያህል እንደሄዱና እሱ የሸፈናቸው ኪሎ ሜትሮች የትኞቹ እንደነበሩ በሦስት መስመር ይንገሩት፤ መኪና ተሳፍረው ያለፉት ርቀት ካለም ሳይደብቁ ይጥቀሱ። በብዙ ጉዞዎች የመዋጮ ገጹ ከጉዞው በኋላም ለተወሰኑ ሳምንታት ክፍት ይቆያል፤ ቃል ገብተው ያልከፈሉ ሰዎች የሚከፍሉት በዚያን ጊዜ ስለሆነ የሚዘጋበትን ቀን በምስጋናው ላይ ይጨምሩ። የመሥሪያ ቤቱን ተጨማሪ መዋጮ የሚያስገኘውንም ቅጽ ገጹ ሳይዘጋ ሞልተው ያስገቡ።